የመጀመሪያው ክፍል የትኛው ነው? የአንዲት የፋይል ስም ታሪክ



ዛሬ ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም አልጽፍም። የምጽፈው ፍላሻችሁ ላይ ስላለች አንዲት አጭር ስም ነው። ተከታታይ ፊልም አስጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አይቷታል፦ «ኤስ01ኢ01»። በላቲን ፊደል ነው የምትጻፈው። «ኤስ» ሲዝን ነው፣ እኛ ምዕራፍ የምንለው። «ኢ» ደግሞ ኤፒሶድ፣ ማለትም ክፍል። ምዕራፍ አንድ፣ ክፍል አንድ። በቃ።

ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ትሉ ይሆናል። አለው። እንደውም እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ታሪክ ምንጭ ሳስተምር የማነሳው ጥያቄ በሙሉ እዚች ስም ውስጥ ተጨምቆ ይገኛል። «መጀመሪያ» የሚባለው የቱ ነው? ማነው የወሰነው? ስሙን ያወጣው ሰው ምን አይቶ ነው? ስሙ ቢሳሳት ወይም ቢጠፋ ምን ይጠፋል?

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ስም ከውስጥ፣ ስም ከውጭ

ችግሩ ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ካሊማኮስ የሚባል ባለቅኔና ምሁር የግሪክን መጻሕፍት የሚዘረዝር ትልቅ ማውጫ አዘጋጅቶ ነበር። ማውጫው ራሱ 120 ጥቅልል ያህል ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን ብዙ ጽሑፍ ሽፋን ላይ የተጻፈ ቁርጥ ያለ ርእስ አልነበረውም። ስለዚህ ካሊማኮስ የደራሲውን ስም፣ የጽሑፉን የመጀመሪያ ቃላትና የመስመሩን ብዛት ይመዘግብ ነበር። ሁለት ጥቅልል አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው እንኳ በመጀመሪያ ቃላቸው ይለያያሉ ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ላይ ይህንኑ እናያለን። እኛ «ኦሪት ዘፍጥረት» የምንለውን መጽሐፍ አይሁድ የሚጠሩት በመክፈቻው ቃል «በረሺት» ብለው ነው። «ዘጸአት» የምንለው በእነሱ ዘንድ «ሸሞት» ነው፣ ስሞች ማለት ነው፣ እሱም ከመክፈቻው የተወሰደ። አንዱ ወገን ስሙን ያገኘው መጽሐፉን ገልጦ ነው። ሌላው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አስቦ ከውጭ ስም ሰጠው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው በሌላኛው ስም ቢፈልግ አያገኝም።

ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ኮምፒውተር ውስጥ ስም ሲገባ

በ1980ዎቹ በብዛት ይሠራበት የነበረው ዶስ የፋይል ስም የሚፈቅደው 8 ፊደል፣ ነጥብ፣ ከዚያ 3 ፊደል ብቻ ነበር። በ8 ፊደል ምን ይጻፋል? ሰው ሁሉ እያሳጠረ የራሱን ኮድ ይፈጥር ነበር። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ እስከ 255 ፊደል ተፈቀደ። ተገላገልን ተባለ፣ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ዊንዶውስ ዛሬም ድረስ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ ምልክትና የላቲኑን ሁለት ነጥብ አይቀበልም። እንደ «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» ያለ ርእስ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለት ነጥብ አለበት። ስለዚህ የፊልሙ እውነተኛ ስም ፋይሉ ላይ ሊጻፍ አይችልም። ስሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሸራርፎ ነው የሚገባው።

ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ አለ። ተማሪዎቼ፣ ይሄን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ፋይሎቹን «ክፍል 1፣ ክፍል 2...» ብላችሁ እስከ 12 ብትሰይሙ ብዙ መሣሪያ፣ በተለይ የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻና የቴሌቪዥን ፍላሽ ማንበቢያ፣ የሚደረድራቸው 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 2፣ 3 እያለ ነው። ለምን መሰላችሁ? ቁጥሩን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ነው የሚያነበው። «1» ከ«2» ይቀድማል፣ ስለዚህ በ«1» የሚጀምር ሁሉ ይቀድማል። መፍትሔው ፊት ላይ ዜሮ ማድረግ ነው፦ 01፣ 02፣ 03። እዚያች ስም ውስጥ ያለችው ዜሮ ለጌጥ የገባች አይደለችም። አንድ ሰው መጨረሻውን ቀድሞ እንዳያይ የምትጠብቅ ዘበኛ ናት።

ስሟን ያስለመዷት እነማን ናቸው? ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እየቀዱ በኢንተርኔት የሚለዋወጡ ቡድኖች ነበሩ። ሥራቸው ሕገ ወጥ ነው፣ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። የሚገርመው ግን በስም አወጣጥ ላይ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። በቃላት መሀል ክፍት ቦታ ሳይሆን ነጥብ፣ ከዚያ ምዕራፍና ክፍል፣ ከዚያ የምስሉ ጥራት፣ መጨረሻ ላይ የቡድኑ ስም። ደንቡን የጣሰ ፋይል በሌሎች ቡድኖች ውድቅ ይደረግ ነበር። ሕግ የሚጥሱ ሰዎች በፋይል ስም ላይ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ የባሱ ሕግ አክባሪ ሆነው ተገኙ። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል።

ፕሮግራሙ ምን ያነባል?

በ2002 ማይክሮሶፍት ለጨዋታ ብቻ የሠራውን ኤክስቦክስ ከፍተው ፊልም ማጫወቻ ያደረጉት በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ነበሩ። ሥራቸው አድጎ «ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር» ተባለ፣ በ2014 ደግሞ ስሙ «ኮዲ» ሆነ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት «ፕሌክስ» የዚሁ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። «ጄሊፊን» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ በ2018 መጨረሻ «ኤምቢ» ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ተገንጥሎ ወጣ።

እነዚህ ፕሮግራሞች ሃርድ ዲስካችሁን ያስሱና ለእያንዳንዱ ተከታታይ ፊልም ፖስተሩን፣ የተዋናዮቹን ስም፣ የእያንዳንዱን ክፍል ርእስና አጭር ታሪክ አምጥተው ይደረድራሉ። ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ያምራል። ተዝረክርኮ የነበረ ፎልደር እንደ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

ግን ልብ በሉ፦ ፕሮግራሙ ፊልሙን አያይም። ተዋናዩን አይቶ አያውቀውም፣ ንግግሩን አይሰማም። የሚያነበው ስሙን ብቻ ነው። ከፎልደሩ ስም «ይህ የትኛው ፊልም ነው?» ይላል። ከፋይሉ ስም ደግሞ የምዕራፉንና የክፍሉን ቁጥር ይለቅማል። ከዚያ በኢንተርኔት ወዳለ ዳታቤዝ ሄዶ «የዚህን ፊልም ምዕራፍ 1 ክፍል 4 ስጠኝ» ይላል። የተሰጠውን ያምናል። ሠርግ ቤት በር ላይ ስም እያነበበ እንደሚያስገባ ልጅ አስቡት። ካርዱ ላይ የእናንተ ስም ካለ እናንተ ናችሁ፣ ፊታችሁን አያውቅም።

ዳታቤዞቹን ማን ሞላቸው? በአብዛኛው ተመልካቾች። «ኢንተርኔት ሙቪ ዳታቤዝ» በ1990 የጀመረው የፊልም ወዳጆች በኢንተርኔት በሚለዋወጡት ዝርዝር ነው፣ በ1998 አማዞን ገዛው። ለተከታታይ ፊልሞች «ቲቪዲቢ» በ2006 ተጀመረ፣ «ቲኤምዲቢ» ደግሞ በ2008 በፊልም ጀምሮ ኋላ ላይ ተከታታዮችን ጨመረ። ሁለቱም ሰው በነፃ እየጻፈ የሞላቸው ናቸው። አንድ ሰው ማታ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ የአንድ ክፍል ርእስና የተላለፈበትን ቀን ይመዘግባል። እናንተ ደግሞ በሌላ አህጉር ፖስተር ሲመጣላችሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዳታቤዙ «ክፍል 1» ሲል የትኛውን ነው?

አራት ፊልሞች፣ አራት «መጀመሪያ»

*አንደኛ፣ ስታር ትሬክ።* አዘጋጆቹ መጀመሪያ የሠሩት የሙከራ ክፍል «ዘ ኬጅ» ይባላል። የአሜሪካው ኤንቢሲ አልተቀበለውም። ሁለተኛ ሙከራ አዘዘ፣ እሱ ተቀባይነት አገኘ። ግን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ሕዝብ ያየው የመጀመሪያ ክፍል ከሁለቱም አንዱ አልነበረም፤ «ዘ ማን ትራፕ» የሚባል ሌላ ክፍል ነው። ሁለተኛው ሙከራ ሦስተኛ ሆኖ ተላለፈ። «ዘ ኬጅ» ራሱን ችሎ በቴሌቪዥን የታየው በ1988 ነው። እና መጀመሪያ የቱ ነው? መጀመሪያ የተሠራው? መጀመሪያ ተቀባይነት ያገኘው? ወይስ መጀመሪያ የታየው? ዳታቤዞች ለእንዲህ ያለው ቦታ ሲያጡ «ምዕራፍ 00» የሚባል ጓዳ ፈጠሩ። ልዩ ክፍሎችና የሙከራ ሥራዎች እዚያ ይገባሉ።

*ሁለተኛ፣ ፋየርፍላይ።* በ2002 ፎክስ ያስተላለፈው ተከታታይ ነው። 14 ክፍል ተሠርቷል። አዘጋጆቹ መክፈቻ ያደረጉት «ሰሬኒቲ» የተባለውን ረጅም ክፍል ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚተዋወቁት እዚያ ነው። ፎክስ ግን ሌላ መክፈቻ ይሠራልኝ አለና ሴፕቴምበር 20 «ዘ ትሬን ጆብ» የሚባለውን አስቀደመ። ሰዎቹ ማን እንደሆኑ የሚናገረው ክፍል ዲሴምበር 20 የስርጭቱ መጨረሻ ሆኖ ታየ። እስቲ አስቡት፣ ሠርጉ አልቆ ሰው ሊሄድ ሲል ሙሽራውን እንደማስተዋወቅ ነው። 3 ክፍሎች ደግሞ በፎክስ ጭራሽ አልታዩም። በዲሴምበር 2003 ዲቪዲው ሲወጣ አዘጋጆቹ ባሰቡት ቅደም ተከተል ተደረደረ።

ስለዚህ ለአንድ ፊልም ሁለት እውነተኛ ቅደም ተከተል አለ፦ የስርጭትና የዲቪዲ። ፋይላችሁ በዲቪዲው ተራ ተሰይሞ ዳታቤዙ በስርጭት ተራ ከመለሰ፣ «ሰሬኒቲ»ን ስትከፍቱ ላዩ ላይ የ«ዘ ትሬን ጆብ» ርእስና ታሪክ ይለጠፍበታል። ፋይሉም ዳታቤዙም አልተሳሳቱም። የተጣሉት ሁለት «መጀመሪያ»ዎች ናቸው።

*ሦስተኛ፣ «ላ ካሳ ደ ፓፔል»።* ይሄን «መኒ ሃይስት» ብላችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀይ ቱታና የዳሊ ጭንብል። በ2017 መጀመሪያ የታየው በስፔኑ አንቴና 3 ሲሆን የመጀመሪያው ዘረፋ 15 ክፍል ነበር፣ እያንዳንዱ 70 ደቂቃ ገደማ። ኔትፍሊክስ ሲወስደው ያንኑ ፊልም እንደገና ቆራርጦ 22 ክፍል አደረገው፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ገደማ። 9 የነበረው 13፣ 6 የነበረው 9 ሆነ።

እና የስፔኑ ቅጂ ያለው ሰው ምን ይገጥመዋል? የእሱ 4ኛ ክፍል ላይ ፕሮግራሙ የኔትፍሊክስን 4ኛ ክፍል ማብራሪያ ይለጥፋል። በደቂቃ ብታሰሉት፣ እዚያ የተጻፈው እሱ በ3ኛው ክፍል ያየውን ነው። እየገፋ ሲሄድ ልዩነቱ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ 7 ክፍል «የሚጎድለው» ይመስላል፣ ምንም ሳይጎድለው።

*አራተኛ፣ ዶክተር ሁ።* ይሄኛው የሁሉም አባት ነው። ቢቢሲ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ጀመረው። በ1989 ቆመ። በ2005 እንደገና ሲጀምር ቁጥሩን ከ1 ጀመረ። በ2024 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ «ምዕራፍ 1» ተባለ፣ ብዙ ተመልካች ግን 14ኛ ነው እያለ ይከራከራል። ማለትም «ዶክተር ሁ ምዕራፍ 1 ክፍል 1» የሚል ፋይል በ61 ዓመት ውስጥ ከሦስት የተለያዩ ፊልሞች አንዱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከፊልሙ ስም ቀጥሎ ዓመቱን በቅንፍ መጻፍ የሚመከረው፦ 1963፣ 2005፣ 2024። «ዘ ኦፊስ»ም እንዲሁ ነው፦ የእንግሊዙ 2001፣ የአሜሪካው 2005። ዓመቱ እንደ አባት ስም ነው የሚያገለግለው። ከበደ ብቻ ብትሉ ሰፈሩ በሙሉ ዞር ይላል፤ ከበደ ማን ስትሉ ነው አንዱ የሚመጣው።

ስሙ ያዳነው ፊልም

«እሺ፣ ፖስተር ቢሳሳት ምን ይሆናል? ፊልሙን ማየት አይከለክል!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ትክክል ነው። ግን የዶክተር ሁ ታሪክ እዚያ አያበቃም።

ቢቢሲ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ቴፕ ውድ ስለነበር የድሮ ፕሮግራሞችን እያጠፋ ቴፑን ደግሞ ይጠቀምበት ነበር። ፊልም ላይ የተገለበጡትም ብዙዎቹ ተወገዱ። ያኔ ማንም «ይሄ ታሪክ ነው» ብሎ አላሰበም፤ የትናንት ፕሮግራም ነው። በዚህ ምክንያት የዶክተር ሁ ብዙ ክፍሎች ጠፉ። የተረፉት አብዛኞቹ የተረፉት ለውጭ አገር ጣቢያዎች ተሸጠው ስለነበር ነው።

በ2013 ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል የጠፉ ፊልሞች ፈላጊ ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት የተቀመጡ የፊልም ጣሳዎች ማግኘቱ ይፋ ሆነ። 11 ክፍሎች ተመለሱ፣ ከእነሱ 9ኙ በቢቢሲ እጅ ያልነበሩ ናቸው። የጠፉት ቁጥር ከ106 ወደ 97 ወረደ። ሰውየው ራሱ እንደተናገረው፣ አቧራውን ጠርጎ ጣሳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የፊልሙን ስም አየ፤ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንዳገኘ የገባው ግን አብሮ የተጻፈውን የታሪክ ኮድ ሲያነብ ነው።

እስቲ ቆም በሉ። ጣሳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት! ከአሥርት ዓመታት በፊት አንድ ስሙን የማናውቀው የጣቢያ ሠራተኛ፣ ወይም ፊልሙን የላከ ጸሐፊ፣ ሥራውን በሥርዓት ሠራ። ስምና ኮድ ጻፈ። ያ ሰው ታሪክ እያዳነ እንደሆነ አላወቀም። ዕቃ ቤት ውስጥ ስም የሌለው ጣሳ ቢሆን ኖሮ ማንም አላፊ አግዳሚ ቆሻሻ ነው ብሎ ሊጥለው ይችል ነበር። ዳታቤዞች ውስጥ ደግሞ እስካሁን ያልተገኙት ክፍሎች ቁጥራቸው አለ፣ ቦታቸው ተይዟል። እንደ ቤተሰብ መዝገብ፣ የሄደው ልጅ ስሙ አልተሰረዘም። ቢመጣ የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል።

እኛ ይህን ችግር ድሮ እናውቀዋለን

ሁለት የተለያየ ቁጥር ያለው አንድ ሥራ እኛ ጋ አዲስ አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን ያዙ። የእረኛው መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛ ነው። ከዕብራይስጡ በተተረጎሙት ደግሞ 23ኛ ነው። የንስሐው መዝሙር ካህናቱ ጋ 50ኛ፣ በሌላው ወገን 51ኛ። ጸሎት ቤት የሚሄደው ጎረቤትና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጎረቤት አንዱን መዝሙር በሁለት ቁጥር ይጠቅሱታል።

ምክንያቱ ልክ የኔትፍሊክሱ ነው፦ አቆራረጥ። ግእዙ የተከተለው የግሪኩን ሰብዓ ሊቃናት ነው። በዚያ ውስጥ የዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ ሆነዋል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በአንድ ወደኋላ ቀረ። 114ኛና 115ኛም እንዲሁ ተጣመሩ፣ በሌላ በኩል 116ኛው ለሁለት ተከፈለ። መጨረሻ ላይ 147ኛው ለሁለት ሲከፈል ሒሳቡ ተካካሰና ሁለቱም ወገን 150 ላይ ተገናኙ። ግእዙ ደግሞ 151ኛ የምትባል ተጨማሪ መዝሙር አለችው። በዛሬ ቋንቋ «ልዩ ክፍል» ልትሏት ትችላላችሁ።

ሊቃውንቱና አታሚዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? አንዱን ሐሰት ብለው አልጣሉም። ባንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ቁጥር ይታተማል፣ አንዱ በቅንፍ። የሚዲያ ፕሮግራም ሠሪዎች «የስርጭት ተራ» እና «የዲቪዲ ተራ» ብለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የጀመሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን፣ የትኛውን እንደመረጥክ ተናገር። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት የለም።

የራሳችን ድራማዎችስ?

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ድራማ አስቡት። «ገመና»ን፣ «ሰው ለሰው»ን ያላየ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እነዚህን ዛሬ ሃርድ ዲስክ ላይ ብታገኟቸው ስማቸው ምንድነው? «አዲስ ድራማ ክፍል 12»፣ «ክፍል 12 ሀ»፣ «የመጨረሻ ክፍል አዲስ»... ሦስት ችግር ለይቼ ላስቀምጥ።

አንደኛው ፊደላችን ነው። «ሰው ለሰው»ን አንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያየ ስም ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፣ ሁሉም እንዲሁ። በላቲን ሲጻፍማ የባሰ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አጻጻፍ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ነገር ይሆን ነበር። አሁን ግን ይህ ሰበብ የለም። በፊደላችን ስም መጻፍ ይቻላል፤ የቀረው አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ከላይ ቃል የገባሁት ይሄን ነው። «2005» ብላችሁ በቅንፍ ብትጽፉ ፕሮግራሙ የሚያስበው የፈረንጁን 2005 ነው። በእኛ 2005 ዓ.ም. ማለት ደግሞ በፈረንጁ 2012 እና 2013 መሀል ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያን ፋይል የሚያገኝ ልጅ የትኛውን እንደጻፋችሁ በምን ያውቃል? ይህ ችግር የድሮ ደብዳቤና ፎቶ ላይ ሁሌም የሚገጥመን ነው።

ሦስተኛው «ክፍል» የሚለው ቃል ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ምዕራፍ ሳንለይ ከ1 ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንቆጥራለን። ይህ ጥፋት አይደለም። ጃፓኖችም እንደ «ዋን ፒስ» ያሉትን፣ ከ1999 ጀምሮ የሚተላለፍና ከ1000 ክፍል ያለፈ፣ በተከታታይ ቁጥር ነው የሚጠሩት። ፕሮግራሞቹም ይህን እንዲቀበሉ ማድረግ ይቻላል። ችግር የሚመጣው ሲደባለቅ ነው። «ገመና 2» ሁለተኛ ምዕራፍ ነው ወይስ አዲስ ድራማ? ከቱርክ የሚመጡት ተከታታዮችም እንዲሁ። አገራቸው ላይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። ለውጭ ሲሸጥ ግን ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል። ቃና ከ2016 ጀምሮ በአማርኛ ድምፅ እያደረገ ሲያቀርብልን የቆጠርነው ቁጥርና ኢስታንቡል ውስጥ የተቆጠረው የተለያዩት ለዚህ ነው።

በዳታቤዞቹ ውስጥ የእኛ ድራማዎች ቦታ ስስ የሆነውም ሌላ ተንኮል ኖሮ አይደለም። የሞላቸው ተመልካች ነው ብዬ ነበር። የእኛ ተመልካች አልጻፈም። ማንም አልከለከለንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በእጃችሁ ላለ ተከታታይ ፊልም ሥርዓቱ ቀላል ነው፦

1. ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ፎልደር፤ ስሙና በቅንፍ የጀመረበት የፈረንጅ ዓመት።
2. በውስጡ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ፎልደር፤ 01፣ 02። ልዩ ክፍሎች 00 ውስጥ።
3. ፋይሉ ላይ የፊልሙ ስም፣ ከዚያ ኤስ01ኢ01 እያለ በዜሮ። ሰብታይትሉ ካለ ልክ የፊልሙን ስም ይያዝ።
4. ከመሰየማችሁ በፊት ዳታቤዙ የትኛውን ተራ እንደሚከተል እዩ። በቁጥር ሳይሆን በክፍሉ ርእስ አመሳክሩ።
5. በየቀኑ የሚተላለፍ ፕሮግራም ከሆነ ከክፍል ቁጥር ይልቅ ቀኑን ጻፉ፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን።

ግን ከፊልም በላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየቤታችን «ቪዲዮ 1»፣ «ቪዲዮ 2 አዲስ» የሚባል የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ የለቅሶ ቅጂ አለ። የአያቶቻችን ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለእሱ ምንም ዳታቤዝ የለም፣ ፖስተር የሚያመጣ ፕሮግራምም የለም። ፊታቸውን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ስሙን ካልጻፍነው ቆይቶ ማንም አይጽፈውም። ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ በየትኛው አቆጣጠር። አራት ነገር ብቻ። ጆስ ውስጥ ጣሳው ላይ የጻፈው ሰው የሠራው ከዚህ አይበልጥም።

እናንተ ቤት ያለው የድሮ ቅጂ ስሙ ምን ይላል? ከታች ጻፉልኝ። የድሮ ድራማ ክፍሎችን ቀናቸውን እየመዘገበ ያስቀመጠ ሰው ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አብረን እናስገባቸዋለን።

መልካም ሳምንት።